ፍልስፍና በድምፅ ብልጫ

በቅርቡ የልጅ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ተማሪዎች ፍልስፍና ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚል ነጥብ ተነሣ። ጥሩ ኮት የለበሱ አንድ አባት ብድግ ብለው፣ «ልጄ ኮምፒውተሩን ይማርልኝ፤ ፍልስፍናውን ጡረታ ስወጣ እኔው ደርሼበት እነግረዋለሁ» አሉ። ቤቱ ሣቀ። ርዕሰ መምህሯም ሣቁ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እኔም ፈገግ አልኩ። መልስ ነበረኝ፤ ግን አንድ ሙሉ እሁድ የሚፈጅ መልስ ስለሆነ ይዤው ወጣሁ። ስብሰባ የማይችለውን ወረቀት ይችላልና እዚህ አኖረዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። የቀይ ሽብሩ ግድያ ረገብ ብሏል፤ ሆኖም «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው አሁንም ብርድ ልብስ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ የከተማ ዜና ዘጋቢ ነበርኩ። ሥራውን ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ይህ የራሴ ሕግ ነበር። ጋዜጣው ደግሞ ካየሁት ውስጥ የሚታተመውን ይመርጣል። በዚህ የሥራ ክፍፍል ተስማምተን እንኖር ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዘጋጁ ጠራኝ።

«ኮልፌ ውስጥ አንድ ቀበሌ በፍልስፍና ትምህርት አርአያ ሆኗል። ነገ ሂድና ሥራው። ሁለት አምድ፣ አንድ ፎቶ።»

«ምን አድርጎ ነው አርአያ የሆነው?»

«ሕዝቡ በስኳር ሰልፍ ላይ ሳይቀር ስለ ፍልስፍና ይከራከራል ይላል ሪፖርቱ።»

«ለምን?»

አዘጋጁ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ነቅቶ ነዋ።»

በማግስቱ ጠዋት በከተማ አውቶቡስ እስከ 18 ማዞሪያ ሄድኩና ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጫማ ይይዛል። ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጣው ነፋስም ማንነቱን አይደብቅም። አንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የቀበሌውን አዳራሽ ጠየቅሁ።

«ለስብሰባው ነው?» አለኝ ባለ ሱቁ። «የትኛው ነህ?»

«የትኛው ማለት?»

«ይለወጣል ነህ፣ አይለወጥም?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እሱስ ይሁን፤ የትኛው?»

አዘነልኝና መንገዱን አሳየኝ።

አዳራሹ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ነው። በር ላይ የተቀበለኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይልማ ነበር። ከአብዮቱ በፊት የሰፈር እግር ኳስ ዳኛ ነበር። ፊሽካውን አሁንም በአንገቱ አንጠልጥሏል፤ ስብሰባ የሚመራውም በእሱ ነው።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ በጥሩ ቀን መጣህ» አለኝ። «ዛሬ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ በሕዝብ ድምፅ እንዘጋለን። በአገራችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።»

ድልድይ ሲመረቅ፣ ዘይት ሲታደል፣ ሐውልት ሲገለጥ ዘግቤ አውቃለሁ። ጥያቄ ሲዘጋ ግን አይቼ አላውቅም። ምን ጥያቄ እንደሆነ ስጠይቅ ነገሩን ከሥሩ ነገረኝ።

በዚያ አዳራሽ እሁድ እሁድ የፍልስፍና ትምህርት ይሰጣል። መምጣት ለነዋሪው ሁሉ ግዴታ ነው። አስተማሪው ጌታሁን የሚባል፣ በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነው። አጭር ሴሚናር ወስዶ ሲመለስ የፍልስፍና መምህር ተብሎ ተመደበ። ባለፈው እሁድ ከተሰጠው መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ «ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ የማይለወጥ ነገር የለም።» ሕዝቡ እንደ ወትሮው አብሮ ደገመው። እንደ ወትሮው ያልሆነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰዓዳ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁሉም ነገር ይለወጣል ካልን፣ ‹ሁሉም ነገር ይለወጣል› የሚለውስ ራሱ ይለወጣል?»

መምህር ጌታሁን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ አነበበ። ከዚያ፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «አላውቅም። ለሚመጣው እሁድ ሁላችንም አስበንበት እንምጣ።»

ችግሩ የመጣው ሕዝቡ ቃል በቃል አስቦበት ስለመጣ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከስብሰባ ወደ ቤት እንዲወስድ የተሰጠው ነገር አልነበረም። በኅብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ «ይለወጣል» ባዮች ከፊት፣ «አይለወጥም» ባዮች ከኋላ ቆሙ። ወፍጮ ቤት ተጨቃጨቁ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ደንበኛ ግማሹን ላጭቶ ክርክሩ እስኪያልቅ አቆየው ተባለ። ጓድ ይልማ ደስ ብሎት «ከፍተኛ የንቃት እንቅስቃሴ ይታያል» ብሎ ወደ በላይ ሪፖርት አደረገ። የእኛ አዘጋጅ ጋ የደረሰው ይህ ነው። ይኸው ሪፖርት ግን ሌላም ጠረጴዛ ላይ አርፎ ኖሮ፣ አንድ ሰው ያልተጠበቀ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ምን እያሉ ነው የሚከራከሩት?»

በዚህ የተነሣ አንድ ካድሬ ተልኮ መጥቷል። ጓድ ፍቅሬ ይባላል። ወጣት፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ብዙ የማይስቅ ሰው ነው። የመጣው ጥያቄው ዛሬውኑ እንዲዘጋና መምህሩም ለምን አላውቅም እንዳለ እንዲመረመር ነው።

መምህር ጌታሁንን ያየሁት አዳራሹ ውስጥ ከፊት ለብቻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ቀጭን፣ እጁ ላይ ጠመኔ የቀረበት የሚመስል ሰው ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። መስኮቱ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ አጥር ሥር፣ አንዲት ሴት የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ታቅፋ በካፊያ ውስጥ ቆማለች። ማን እንደሆነች አጠገቤ ያለውን ሰው ጠየቅሁ።

«ሚስቱ ናት» አለኝ በሹክሹክታ። «ቀድማ ነው የመጣችው። ብልህ ናት።»

ዓረፍተ ነገሩ ለፍርድ ቢቀርብም፣ ከተፈረደበት የሚታሰረው ሌላ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ጓድ ይልማ ፊሽካውን ነፋ። መፈክሩ ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሣ፣ ተቀመጥን።

«ጓዶች፣ ብዙ ማንዛዛት አያስፈልግም። ሁሉም ነገር ይለወጣል የሚለው ራሱ ይለወጣል የሚል፣ እጁን ያውጣ።»

ከግማሽ በላይ የሆነ ሰው እጁን አወጣ። ጓድ ይልማ ሊቆጥር ጀመረ። ካድሬው ከጠረጴዛው ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይህ ሕግ ይለወጣል ማለት አንድ ቀን ነገሮች መለወጥ ያቆማሉ ማለት አይደለም? ታሪክ ይቆማል ማለት ነው። አብዮቱም ይቆማል ማለት ነው። ይህን የሚመኝ ማነው?»

እጆቹ ወረዱ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ስላልሰሙ ቀሩ፤ ጎረቤታቸው አወረደላቸው።

«መልካም» አለ ጓድ ይልማ ላቡን ጠርጎ። «እንግዲያው አይለወጥም የሚል?»

አሁን ሁሉም አወጣ፤ ቅድም ያወጡትም ጭምር። ሊቀመንበሩ ፊቱ በራ። «በሙሉ ድምፅ!» ብሎ ፊሽካውን ነፋ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጓድ ፍቅሬ ግን አልተቀመጠም። ግንባሩን ቋጥሮ ሰሌዳውን ያያል።

«አይለወጥም ካላችሁ፣ የማይለወጥ ነገር አለ ማለታችሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መጽሐፉ ደግሞ የማይለወጥ ነገር የለም ይላል። የማይለወጥ ነገር አለ እያሉ ሲሰብኩን የኖሩት እነማን ናቸው?»

ጭብጨባው መሐል ላይ ሞተ።

«ቄሶቹ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ሼሆቹም» አለ ሌላው፣ ለእኩልነቱ።

እጆች ወረዱ። ጓድ ይልማ ሁለቱንም ግብ የሻረ ዳኛ መስሎ ቆመ። ይለወጣል ማለት አድኃሪነት፣ አይለወጥም ማለትም አድኃሪነት። ሦስተኛ መልስ አልነበረም። ፊሽካውን በረጅሙ ነፍቶ ዕረፍት አወጀ።

መምህሩን ከአዳራሹ ጎን ወዳለችው ጠባብ ቢሮ ወሰዱት። እኔም ካሜራዬን አንሥቼ ተከተልኩ። በዚያ ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው ወይ ከላይ የተላከ ነው፣ ወይ ከላይ ላለ ሰው የሚያሳይ ነው፤ ማንም አይከለክለውም።

«ጓድ መምህር» አለ ካድሬው፣ «መልሱን ንገረንና እንጨርስ።»

«የትኛውን መልስ?»

«ትክክለኛውን ነዋ።»

«አላውቀውም ብያለሁ።»

«መምህር አይደለህም እንዴ? የሚከፈልህ ለምንድነው?»

«ለታሪክ ነው። ፍልስፍናው ተመድቦብኝ ነው።»

ጓድ ይልማ ወንበሩን ስቦ ተጠጋው። ድምፁ የልመና ነበር፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። «ጌታሁን፣ ወንድሜ፣ አንዱን በል። ኳስ መስመር ላይ ስትደርስ ዳኛ አላውቅም ይላል? ገባ ይላል፣ ወይ አልገባም ይላል።»

«ሳያይ ገባ ቢልስ?»

«ያው ገባ ነው።»

«ኳሷ ባትገባም?»

«ጌታሁን፣ ገብቷል ከተባለ ገብቷል። ሃያ ዓመት አጫውቻለሁ።»

መምህሩ ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። ካድሬው ግን ትዕግሥቱ አልቋል።

«እኔ ወደ በላይ ባዶ እጄን አልሄድም» አለ። «ወይ መልስ ይዤ እሄዳለሁ፣ ወይ አንተን። አላውቅም ብለህ ሕዝብ አደናግረሃል። ይህ የውሳኔ ሐሳብ ሆኖ ይቀርባል፤ ሕዝቡ እጁን ያወጣል። እንደሚያወጣ ታውቃለህ።»

እኔም አውቅ ነበር። «የሚደግፍ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ በራሱ የሚነሣ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነው። ተኝቶም የሚያወጣ አይቻለሁ።

ካድሬው በድንገት ወደ እኔ ዞረ። «ጋዜጣው ምን ይላል?»

«ስለምን?»

«ስለ ጥያቄው። ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?»

ጓድ ይልማ በተስፋ አየኝ። መምህሩም አየኝ፤ የእሱ አስተያየት ግን የተስፋ አልነበረም፤ የማወቅ ጉጉት ብቻ ነበር። ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር እንደ ሕግ ይቆጠር ስለነበር፣ የምላት አንዲት ቃል ጉዳዩን ትዘጋዋለች። አንዱን ብመርጥ ደግሞ፣ ነገ ከነገ ወዲያ እዚያ አግዳሚ ላይ የምቀመጠው እኔ ልሆን እችላለሁ። ከሙያዬ ውጪ የሆነ ነገር ማለት ስላልቻልኩ የሙያዬን አልኩ።

«ጓድ፣ ቤት ተቃጥሎ ምክንያቱን ካላወቅን፣ ‹የቃጠሎው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው› ብለን እንጽፋለን። እስካሁን በዚህ የተጠየቀ ዘጋቢ የለም።»

«በመጣራት ላይ» አለ ካድሬው፣ ቃሉን እንደሚቀምስ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ለእሳት ነው።»

ወጡ። እኔና መምህሩ ለአፍታ ወደኋላ ቀረን፤ ጠባቂው በሩ ላይ ነው።

«አንዱን ለምን አትልም?» አልኩት በዝግታ። «ማን ያጣራብሃል?»

«ሰዓዳ» አለኝ።

«ተማሪዋ?»

«ጥያቄሽ ጥሩ ነው ብያታለሁ። አሁን ፈርቼ የማላምንበትን ብነግራት ወዲያው ይገባታል። ከዚያ በኋላ የምነግራትን ሁሉ፣ ታሪኩንም ጭምር፣ እንዴት ታምነኛለች?» ኮቱን አስተካከለ። «አንተስ ግን ምን ትላለህ? ይለወጣል?»

ሰውየው ሊታሰር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የእኔን አስተያየት ይጠይቃል። «እንጃ» አልኩት። «እኔም እንጃ ነኝ» አለና ወጣ።

ስብሰባው ቀጠለ። ጓድ ይልማ የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ፤ ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። «መምህር ጌታሁን ሕዝብን በማደናገሩ ለአብዮት ጥበቃ ተላልፎ እንዲሰጥና አስፈላጊው ርምጃ እንዲወሰድበት። ይህን የሚደግፍ?»

ከፊት ረድፍ ሁለት ሦስት እጆች መነሣት ጀመሩ። ሌሎች ግራና ቀኝ አዩ፤ የጎረቤታቸውን እጅ ይጠብቃሉ። መስኮቱ ማዶ ያለችው ሴት ብርድ ልብሱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሥነ ሥርዓት!»

ድምፁ የሴት ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ሊቀመንበርን ማቋረጥ አይቻልም፤ «ሥነ ሥርዓት» ያለ ሰው ግን ካድሬንም ያስቆማል። ስንት ነገር ሲጣስ በኖረበት ዘመን ይህች ደንብ ሳትነካ የቀረችበትን ምክንያት እስካሁን አልደረስኩበትም። የተነሡት እጆች ባሉበት ቆሙ። ሰዓዳ ተነሥታለች። ሻሿን ወደኋላ ያሰረች፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ናት። አጠገቧ የተቀመጠው አባቷ፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ጀማል፣ ሹራቧን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል።

«ተናገሪ» አለ ጓድ ይልማ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የውሳኔ ሐሳቡ ‹ሕዝብን በማደናገሩ› ይላል። ተደናገረ የተባለው ሕዝብ እኛ ነን?»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«ምኑን?»

«መደናገራችንን። ማንም አልጠየቀንም።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቆመችም። «ስለዚህ መጀመሪያ የተደናገረ ሰው እጁን ያውጣና ይቆጠር። ከዚያ ስለ አደናጋሪው እንወስናለን።»

«ተቀመጪ አንቺ ልጅ» አለ አባቷ በጥርሱ መሐል።

ጓድ ይልማ ወደ ካድሬው ተመለከተ። ካድሬው ትንሽ አሰበና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ትክክል ናት። ቁጥሩ ለሪፖርቱም ያስፈልጋል። ስንት ሰው እንደተደናገረ ይታወቅ።»

«እሺ» አለ ሊቀመንበሩ። «በመምህሩ ምክንያት ተደናግሬያለሁ የሚል፣ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ቅድም ግማሽ መንገድ ላይ የነበሩት እጆች እንኳ ወረዱ፤ አንዱ ጭራሽ ኪሱ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ ሕዝብ ለዓመታት «ነቅቷል» ሲባል የኖረ ሕዝብ ነው። በካድሬ ፊት ተነሥቶ መጽሐፉ አልገባኝም፣ ተደናግሬያለሁ የሚል ማነው? ጓድ ይልማ ደግሞ ጠየቀ። ሰዓዳ ቆማለች። መምህሩ ጫማውን ያያል። ነገሩ ሊያልቅ ነው ብዬ ትንፋሼን ስለቅ አንድ እጅ ወጣ።

የአቶ ጀማል እጅ ነው።

ሰዓዳ ዞራ አባቷን አየችውና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንድ ሰው በቂ ነው። ካድሬው ብዕሩን አዘጋጀ።

«ጋሽ ጀማል፣ ተደናግረዋል?» አለ ጓድ ይልማ፣ ባይሰማው እንደሚመርጥ ሰው።

«ተደናግሬያለሁ እንጂ። ለምን እዋሻለሁ።»

«ማን አደናገረዎት?» አለ ካድሬው።

አቶ ጀማል ቀስ ብሎ ተነሣ። እጁን አላወረደም። «ይለወጣል የሚል ስትሉ አወጣሁ፤ አውርድ አላችሁ። አይለወጥም የሚል ስትሉ አወጣሁ፤ አውርድ አላችሁ። አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አውጣ ትላላችሁ። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ሜትሩ ሲለካ አንድ ነው። መምህሩማ ባለፈው እሁድ አላውቅም አለን። እሱ ግልጽ ነው፤ ገብቶኛል። ያልገባኝ የዛሬው ነው።»

ሣቁ ከኋላ ተጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ሰው እያፈነው። ከዚያ አንዲት ሴት አመለጣት፤ አዳራሹም ተከተላት። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ጠመንጃውን አስደግፎ ፊቱን ወደ ውጪ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ያልሣቁት ካድሬውና ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው። ሁለቱም አንድ ነገር እያሰሉ ነበር። በቀበሌው ውስጥ የተገኘው የተደናገረ ሰው አንድ ነው፤ ያደናገሩትም ከፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ አደናጋሪው ተላልፎ እንዲሰጥ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ ገና ክፍት ነው።

«ጋሽ ጀማል» አለ ካድሬው፣ «እጅዎን ያውርዱ።»

«ይኸው» አለ አቶ ጀማል ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ደግሞ አውርድ አሉኝ።»

ከዚህ በኋላ ፊሽካም አላስቆመውም። ጓድ ፍቅሬ ሣቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ብልህ ሰው ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም። ጸጥ ሲል፣ እዚያው የተጻፈ መግለጫ እንደሚያነብ ሆኖ ተናገረ።

«በመምህሩ የተደናገረ ሰው አለመኖሩ በሰፊው ሕዝብ ፊት ተረጋግጧል። የተደናገረ ከሌለ ማደናገር አልተፈጸመም። የውሳኔ ሐሳቡ ተሰርዟል። የፍልስፍናውን ጥያቄ በተመለከተ…» ወደ እኔ ጨረፍ አድርጎ አየ፤ «…ጥያቄው በመጣራት ላይ ነው።»

«የሚደግፍ?» አለ ጓድ ይልማ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከልብ የተጨበጨበበት የአቋም መግለጫ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልዘገብኩም።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። መምህሩ ወደ ሚስቱ ሄደ። ብርድ ልብሱን ተቀብሏት ወደ ቤታቸው አመሩ። አቶ ጀማልና ልጁ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። አባትየው እስከ መታጠፊያው ድረስ ተቆጣት። «ሁለተኛ ጥያቄ የለም። ሰምተሻል? አፍሽን ይዘሽ መማር ነው። ልታስገድዪኝ ነው እንዴ?» እሷ አንገቷን ደፍታ «እሺ አባ» ትላለች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ አባትየው ቆመ። «ግን እንዲያው… ይለወጣል ነው ወይስ አይለወጥም?» አላት። ምን እንደመለሰችለት አልሰማሁም።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለአዘጋጁ ሰጠሁ። ሁለት አምዱ አምስት መስመር ሆኖ ወጣ፤ ነዋሪዎቹ ሞቅ ያለ ውይይት አካሂደው በሙሉ ድምፅ የአቋም መግለጫ ማውጣታቸውን ይገልጻል። አንዱም ቃል ውሸት አልነበረበትም። በዚያ አዳራሽ የእሁዱ ፍልስፍና በግል ንጽሕና አጠባበቅ ትምህርት መተካቱን ቆይቼ ሰማሁ። ሰዓዳ ኋላ ምን እንደሆነች ብዙ ተነግሮኛል፤ አላጣራሁምና አልጽፈውም።

በእኔ ላይ የሆነውን ግን አውቃለሁ። ከዚያ እሁድ በኋላ «እንዴት አወቁ?» የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ቀረ። አንድ የእርሻ ኃላፊ ምርቱ እጥፍ ሆኗል ሲሉኝ «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው፤ እናታቸውን የሰደብኩ ያህል ተቆጡ። ዕድገቴ ዘገየ። ዜናዎቼ አጠሩ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ የሚያወራው ይቀንሳል። በሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። የተማርኩትም ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከሚንቀጠቀጥ የተማሪ ድምፅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አሳምሬ ላቀርብልህ አልፈልግም። አገሩ በሞላ ፍልስፍና በግዴታ ይማር የነበረው በዚያው ዘመን ነው። መጽሐፉም የፍልስፍና መጽሐፍ ነበር፤ ካድሬውም ፍልስፍና ተምሬያለሁ ባይ ነው። ስለዚህ ፍልስፍና የሚል ስም ያለበት ሁሉ ሰው ያድናል አልልህም። መምህሩን መጀመሪያ መከራ ውስጥ የከተተውም ያው የልጅቷ ጥያቄ እንደሆነ አልረሳሁም። ጥያቄ ዋስትና አይሰጥም። እኔ የምለው፣ ሁሉን ያውቅ የነበረው ያ ስብሰባ አንድን ሰው ሊያሳስር እጁን ግማሽ መንገድ ካነሣ በኋላ ያስቆመችው፣ ባለፈው እሁድ መምህሯ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አላውቅም» ያላት አንዲት ተማሪ መሆኗን ነው። «ዝም በይ» ብሏት ቢሆን ኖሮ በዚያን ቀንም ዝም ትል ነበር።

ጥሩ ኮት የለበሱት አባት ቀልድ፣ ፍልስፍና ለተማሪ ምን ይፈይዳል ማለት ነበር። ባለሙያዎቹ ሰፊ መልስ ይኖራቸው ይሆናል። እኔ ዘጋቢ ነኝ፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምመልሰው። በዚያ እሁድ መምህር ጌታሁን ምሳውን ቤቱ በላ።